የልጆች አዴኖይድ ማበጥ፦ ስለ ምርመራው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዴኖይድ ምንድን ነው? ከቶንሲልስ በምን ይለያል?

አዴኖይድ ከአፍንጫ በስተኋላ፣ የአፍንጫው መተላለፊያ ከጉሮሮ ጋር በሚገናኝበት ጣሪያ ላይ የሚገኝ፣ በዓይነቱ ከቶንሲል ጋር አንድ የሆነ የመከላከያ ሥጋ ነው። ልጁ ከሚተነፍሰው አየር ጋር የሚገቡ ተሕዋስያንን ቀድሞ እየተቀበለ ሰውነት እንዲያውቃቸውና እንዲከላከላቸው ያግዛል። ልዩነቱ የቦታ ነው። ቶንሲል አፍ ሲከፈት ከጉሮሮ ግራና ቀኝ ይታያል፤ አዴኖይድ ግን ከላንቃ በላይ ተደብቆ ስለሚቀመጥ ምላስ ተጭኖ በባትሪ ብርሃን ቢፈለግም አይገኝም። «ጉሮሮው ታይቶ ምንም የለውም ተባልን» የሚሉ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ይዘው የሚመጡት የቶንሲሉን መልስ ነው፤ አዴኖይዱን ገና ማንም አላየውም።

ልጅ ሲወለድ ትንሽ የሆነው ይህ ሥጋ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያደገ ይሄድና ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ከአየር መተላለፊያው ስፋት አንጻር ትልቁን ቦታ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ፊትና አፍንጫ እየሰፉ፣ ሥጋውም እየመነመነ ሄዶ በጉርምስና ዘመን አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ አዴኖይድ መኖሩ፣ ተለቅ ማለቱም ጭምር፣ በራሱ በሽታ አይደለም። ምርመራው ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ አዴኖይድ የዚህን ልጅ ትንፋሽ፣ እንቅልፍ ወይም መስማት እየጎዳው ነው ወይ የሚለው ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ወደዚሁ ጥያቄ ይመለሳሉ።

የትኞቹ ምልክቶች ሲታዩ ይጠረጠራል?

ምልክቶቹ በሦስት በኩል ይመጣሉ፤ በአፍንጫ፣ በእንቅልፍና በጆሮ። በአፍንጫ በኩል ልጁ ጉንፋን ሳይኖረውም አፍንጫው የታፈነ ይሆናል፣ አፉን ከፍቶ ይውላል፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ ንፍጡ አንዴ ይቀጥናል አንዴ ይወፍራል እንጂ ጨርሶ አይቆምም። ምግብ ሲበላ መተንፈሻውና መዋጫው አንድ ስለሚሆንበት ቆም እያለ አየር ይስባል፤ ቀስ ብሎ የሚበላው፣ ምግብ የሚያንጓልለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በእንቅልፍ በኩል ያንኮራፋል፣ ይገላበጣል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይተኛል፣ ትራሱ በለሀጭ ይርሳል፣ ያልበዋል። አንዳንዱ አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ በኋላ እንደገና ይጀምራል። ትንፋሹ ለአፍታ ቆሞ ከዚያ በማጓራት መሰል ድምፅ ሲመለስ ከታየ ነገሩ ከተራ ማንኮራፋት አልፏል። ብዙዎችን የሚያሳስተው የቀኑ ሁኔታ ነው። እንቅልፉ የተረበሸበት ትልቅ ሰው ቀን ላይ ያንጎላጃል፤ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ልብ ብሎ መማር ያቅተዋል። ስለዚህ «ቀን ቀን ንቁ ነው» የሚለው መልስ የሌሊቱን ችግር ውድቅ አያደርገውም።

በጆሮ በኩል የጆሮ ሕመም መደጋገም፣ ወይም ምንም ሕመም ሳይኖር መስማት መቀነስ ይታያል። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ የሚያደርግ፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር ልጅ «እምቢተኛ ነው» ከመባሉ በፊት ጆሮው ቢታይለት መልካም ነው።

ልጄ አፉን ከፍቶ ይተኛል። ይህ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው?

አይደለም። በጉንፋን ሰሞን አፉን የማይከፍት ልጅ የለም፤ በአለርጂ አፍንጫው ያበጠበትም፣ ከልማድ ከንፈሩን የማይገጥምም አለ። ሁለት ነገሮች ትርጉም ይሰጡታል፤ ጉንፋን በሌለበት ጊዜም መቀጠሉና ለሳምንታት ሳያቋርጥ መቆየቱ።

አንድ ቀላል ሙከራ ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ልጁ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ሲተነፍስ የቀዘቀዘ መስታወት ወይም የብረት ማንኪያ ከአፍንጫው ሥር ይያዝ፤ ከሁለቱም ቀዳዳ የሚወጣው ትንፋሽ በላዩ ላይ ሁለት የጉም ክብ ይሠራል። ክቦቹ ደብዛዛ ከሆኑ ወይም ልጁ ጥቂት ቆይቶ አየር ለመሳብ አፉን ለመክፈት ከተገደደ አፍንጫው በደንብ አያስተላልፍም ማለት ነው። ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ጉም ከጠፋ ግን ሐሳቡ ከአዴኖይድ ይልቅ ወደ ሌላ ነገር ይዞራል፤ አዴኖይድ መሐል ላይ ስላለ በተለምዶ የሚያፍነው ሁለቱንም ወገን ነው። ሙከራው መዘጋቱን እንጂ የዘጋውን ነገር አይነግርም።

ወደ ሐኪም ከመሄዳችን በፊት ምን መዝግበን እንያዝ?

ከሁሉም የሚጠቅመው የልጁ እንቅልፍ በስልክ የተቀረጸበት ቪዲዮ ነው። ልጅ ሐኪም ቤት ሲደርስ ነቅቶ፣ ፈርቶ ወይም እየሮጠ ነው፤ ሐኪሙ የሌሊቱን ነገር የሚያውቀው ከወላጅ አንደበት ብቻ ነው፤ «ያንኮራፋል» የሚለው ቃል ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነገር ማለት ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ የሚቆይ ቀረጻ ይህን ክርክር ይዘጋዋል።

ቀረጻው ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልብሱ ገለጥ ብሎ ደረትና ሆዱ ይታይ፤ አየር ሲታገደው ደረቱ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ሆዱ ደግሞ ወደ ላይ ይነሳል፤ ይህ ተቃራኒ እንቅስቃሴ በሐኪም ዓይን ትልቅ ምልክት ነው። የራዲዮና የቴሌቪዥን ድምፅ ይጥፋ፣ የትንፋሹ ድምፅ እንዲሰማ። ልጁ እንደተኛ ወዲያውኑ ከመቅረጽ ይልቅ ሊነጋጋ ሲል ባለው ሰዓት መቅረጽ ይሻላል፤ ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል በሌሊቱ መጨረሻ ስለሚበዛና በዚያን ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻዎች ስለሚላሉ መታፈኑ የሚብሰው ያኔ ነው። በማግስቱ ጉንፋን ከያዘው ቀረጻው ያን ሰሞን ስለማይመዘን በሌላ ሳምንት ይደገም።

ከዚህ ሌላ ምልክቱ የጀመረበት ወር፣ በዓመቱ ውስጥ የጆሮ ሕመም ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ የተሰጡ መድኃኒቶች ስም፣ የልጁ የክብደት መዝገብና በቤተሰብ ውስጥ ያለ አለርጂ ወይም አስም በወረቀት ቢያዝ ይበቃል።

የልጁ አነጋገር ለምርመራው ምን ይጠቅማል?

ብዙ ይጠቅማል፤ ወጪም የለውም። «ም» እና «ን» የሚባሉት ድምፆች አየር በአፍንጫ ሲወጣ ብቻ የሚፈጠሩ ናቸው። መንገዱ በአዴኖይድ ሲዘጋ «ም» ወደ «ብ»፣ «ን» ወደ «ድ» ያዘነብላል። «እማማ» ያለው ልጅ «እባባ» ያለ ይመስላል፣ «ናና» ሲል «ዳዳ» ይሰማል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ዓይነት አነጋገር ነው። ልጁ በ«ም» እና በ«ን» የተሞላ ነገር እየተናገረ ሳለ አፍንጫው በጣት ቆንጠጥ ይደረግ። አፍንጫው ክፍት የሆነ ልጅ ድምፁ ወዲያውኑ ይለወጣል፤ ቀድሞውንም የተዘጋበት ልጅ ግን ቢቆነጠጥም ባይቆነጠጥም ድምፁ ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ መደባለቅ መጥራት አለበት። በተለምዶ «ነፍናፋ» ስንል አየር በአፍንጫ የማይወጣለትንም፣ ከልክ በላይ የሚወጣበትንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ለሐኪሙ ግን ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። የመጀመሪያው የአዴኖይድ ነው። ሁለተኛው፣ «በ» እና «ደ» ሲባል እንኳ አየር በአፍንጫ የሚያመልጥበት፣ የላንቃ መሰንጠቅ ወይም የላንቃ ድክመት ምልክት ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ዓይነት ልጅ ላይ አዴኖይድ ቢወጣ አነጋገሩ ይብስበታል፤ ደካማው ላንቃ ሲነሳ ተደግፎ መንገዱን የሚዘጋው በዚያ ሥጋ ላይ ነበርና። ስለዚህ ልጁ ሲናገር ሳይሰማ ስለ ቀዶ ሕክምና የሚወስን ሐኪም ካጋጠመ ጥያቄ ማንሳት የወላጅ መብት ነው።

ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ምን ምን ይመረምራል?

ልጁ ከመነካቱ በፊት ብዙ ነገር ይታያል። ከንፈሩ ገጥሟል ወይስ ተከፍቷል፣ ከዓይኑ ሥር ጠቆር ያለ ጥላ አለ ወይ፣ ፊቱ ረዘም ላንቃውም ጠበብና ከፍ ብሏል ወይ የሚለው ይስተዋላል። ረጅም ፊት፣ የተከፈተ አፍና ወደፊት የወጡ የላይ ጥርሶች አንድ ላይ ሲታዩ በድሮ መጻሕፍት «የአዴኖይድ ፊት» ይባል ነበር፤ ሆኖም በአለርጂም ሆነ በሌላ ምክንያት ለዓመታት በአፉ የተነፈሰ ልጅ ይህንኑ መልክ ስለሚያመጣ መልክን ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም።

ከዚያ የአፍንጫው ፊተኛ ክፍል በብርሃን ይታያል። የውስጥ ሥጋዎቹ ገርጥተውና አብጠው ከተገኙ አለርጂ ይጠረጠራል፤ መሐለኛው ግድግዳ መጣመሙም እዚሁ ይታወቃል። አፍ ሲከፈት የቶንሲሎቹ መጠን ይመዘናል፤ ምክንያቱም በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ልጅ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ይተልቁበታል። ላንቃውም በጥንቃቄ ይታያል። እንጥሉ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ፣ የላንቃው መሐል ስስና ሰማያዊ ቢጤ፣ በጠንካራው ላንቃ የኋላ ጠርዝ ላይም በጣት የሚዳሰስ ጎድጓዳ ካለ፣ በስስ የውስጥ ሽፋን የተሸፈነ የላንቃ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ይህን ማጣራት ጥቂት ሰከንዶች ይፈጃል፤ ሳይታይ ማለፉ ግን ከላይ የተጠቀሰውን የአነጋገር ችግር ያመጣል።

ጆሮዎቹ፣ የአንገት ንፍፊቶች፣ የልጁ ቁመትና ክብደትም ይታያሉ። በአግባቡ የማይተኛና ሲበላ የሚታፈን ልጅ ክብደት መጨመር ሊያቅተው ይችላል፤ በሌላ በኩል ከመጠን ያለፈ ውፍረት ራሱ ለእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ምክንያት ስለሚሆን ሚዛኑ በሁለቱም አቅጣጫ ይነበባል።

ራጅ መነሳት የግድ ነው?

የግድ አይደለም። ከአንገት በላይ ሐኪም ኢንዶስኮፕ (በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ካሜራ) ካለው ራጅ ሳያስፈልግ ሊቀር ይችላል። መሣሪያው በሌለበት፣ ወይም ልጁ ፈጽሞ አላስነካ ካለ፣ በጎን የሚነሳ የአንገትና የአፍንጫ ኋላ ራጅ ጠቃሚ ነው። በፊልሙ ላይ የአዴኖይዱ ጥላና ከፊቱ ያለው የአየር መንገድ ጥቁር መስመር ይታያሉ፤ የአዴኖይዱ ውፍረት ለመተላለፊያው ስፋት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ከ0.8 በላይ ሲሆን በጣም እንደተለቀ ይቆጠራል።

ራጁ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው በአነሳሱ ምክንያት ነው። ልጁ ራሱን ቀጥ አድርጎ፣ አፉን ገጥሞ፣ በአፍንጫው አየር እየሳበ መነሳት አለበት። አሁን አንድ የ3 ዓመት ልጅ በማያውቀው ጨለም ባለ ክፍል፣ ከትልቅ መሣሪያ ፊት ሲቆም እናስብ፤ ያለቅሳል። ሲያለቅስ ወይም ሲውጥ ለስላሳው ላንቃ ወደ ላይ ይነሳና ከአዴኖይዱ ጋር ይገጥማል፤ ፊልሙም «ሙሉ በሙሉ የተዘጋ» መንገድ ያሳያል። ራሱን ትንሽ ካዞረ ደግሞ ጥላዎቹ ይደራረባሉ። ስለዚህ ራጁ ሲነሳ ልጁ እያለቀሰ ከነበረ ይህን ለሐኪሙ መንገር ተገቢ ነው፤ በውጤት ወረቀቱ ላይ አይጻፍምና። የጨረር መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ቢሆንም «እንየው እስቲ» እየተባለ በየወሩ የሚነሳበት ምክንያት የለም።

በአፍንጫ የሚገባው ካሜራስ ያማል? እንዴት ይደረጋል?

ይቆረቁራል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሲያዩት የሚያስፈራውን ያህል ግን አያምም። ተጣጣፊው ኢንዶስኮፕ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚወፍር፣ ጫፉ ላይ ብርሃን ያለው ቀጭን ገመድ መሰል መሣሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የማደንዘዣና እብጠት የሚቀንስ ጠብታ ወይም ስፕሬይ በአፍንጫው ይደረጋል። ትንሹ ልጅ በእናቱ ወይም በአባቱ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ወላጁ በአንድ እጁ ሁለቱን ክንዶቹን ያቅፋል፣ በሌላው ግንባሩን ደረቱ ላይ ያስደግፋል። ገመዱ በአፍንጫው ወለል ላይ ተንሸራትቶ ሲገባ በስክሪኑ ላይ መጀመሪያ እርጥብ ሮዝ ግድግዳ፣ ቀጥሎ የአፍንጫው የኋላ በር፣ ከበሩ ጀርባም ሸንተረር ሸንተረር ያለው የሥጋ ጉብታ ይታያል፤ እሱ ነው አዴኖይዱ። በጎኑ የጆሮ ቱቦ አፍ ስለሚገኝ ሥጋው እዚያ መድረስ አለመድረሱም አብሮ ይነበባል። ከመግባት እስከ መውጣት አንድ ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ጠቀሜታው ሥጋውን በቀጥታ ማሳየቱ ብቻ አይደለም። ልጁ ሲተነፍስ፣ ሲውጥና ሲናገር ላንቃው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል፤ አዴኖይድ የመሰለው ነገር ሌላ ሆኖ ሲገኝም የሚያጋልጠው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በሽታውን በዝርዝር የገለጸው ዴንማርካዊው ሐኪም ቪልሄልም ማየር ይህን ሁሉ የሚያጣራው ጣቱን ከላንቃ ጀርባ አስገብቶ በመዳሰስ ነበር፤ በዚያ ዘዴ ላይ ካሜራውን ያልመረጠ ልጅ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

«75 በመቶ ዘግቷል» ተባልን። ምን ማለት ነው?

ሐኪሙ በኢንዶስኮፕ ያየውን የመዘጋት መጠን በግምት አስቀምጦታል ማለት ነው። በተለምዶ በአራት ደረጃ ይከፈላል፤ እስከ 25 በመቶ አንደኛ፣ እስከ 50 ሁለተኛ፣ እስከ 75 ሦስተኛ፣ ከዚያ በላይ አራተኛ። ሌላው አከፋፈል ደግሞ መቶኛ ትቶ ሥጋው የጆሮ ቱቦውን አፍ፣ የአፍንጫውን መሐል ግድግዳ ወይም ላንቃውን መንካት አለመንካቱን ይቆጥራል። ስለዚህ ሁለት ሐኪሞች «ሦስተኛ ደረጃ» ቢሉ አንድ ነገር ላይናገሩ ስለሚችሉ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ቁጥሩ ግን ውሳኔ አይደለም። 80 በመቶ ተዘግቶበት በሰላም የሚተኛ፣ ጆሮው ጤናማ የሆነ ልጅ አለ፤ 50 በመቶ ብቻ ሆኖ ቶንሲሉ ስለተጨመረበት ወይም ጉሮሮው በተፈጥሮ ጠባብ ስለሆነ ሌሊቱን የሚታገል ልጅም አለ። ቁጥሩ ያለ ልጁ ታሪክ ሲነገር ወላጅን ከማስደንገጥ ያለፈ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ደግሞም በጉንፋን መሐል የተለካ አዴኖይድ ከሳምንታት በኋላ ሲታይ አንሶ ሊገኝ ስለሚችል፣ አስቸኳይ ነገር ከሌለ ልጁ ሲያገግም መመርመሩ ይመረጣል።

ችግሩ አፍንጫ ሆኖ ሳለ ጆሮው ለምን ይመረመራል?

የመሐለኛው ጆሮ አየር የሚያገኝበት ቱቦ አፉ የሚከፈተው አዴኖይዱ አጠገብ ነው። ቱቦው በሥጋው ሲታፈን ወይም በዚያ ከሚኖሩ ተሕዋስያን ሲበከል፣ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ልጁም እንደማይሰማ አያውቅም። ሐኪሙ ታምቡሩን በመሣሪያ ያያል፤ ቲምፓኖሜትሪ የሚባለው ምርመራ ደግሞ በጆሮው ቀዳዳ የአየር ግፊት እየለዋወጠ የታምቡሩን መንቀሳቀስ ይመዘግባል። ጤናማ ጆሮ ጫፍ ያለው ተራራ መሰል መስመር ይሰጣል፤ ፈሳሽ የሞላበት ጆሮ ጠፍጣፋ መስመር። ፈሳሹ 3 ወር ከቆየ የመስማት ምርመራ መደረግ አለበት፤ ቋንቋ እየተማረ ያለ ልጅ ከሆነ፣ ወይም የንግግር መዘግየት ከታየበት፣ ያን ያህል መጠበቅም አያስፈልግም።

የእንቅልፍ ምርመራ ለማን ያስፈልጋል?

ለሁሉም አይደለም። ሙሉው ምርመራ፣ ፖሊሶምኖግራፊ የሚባለው፣ ልጁ ሌሊቱን በምርመራ ክፍል ተኝቶ የአንጎል ሞገዱ፣ የትንፋሹ ፍሰት፣ የደረቱ እንቅስቃሴ፣ የልብ ምቱና የደሙ ኦክሲጅን የሚመዘገብበት ነው። ውጤቱ ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ ይናገራል። በትልቅ ሰው በሰዓት እስከ 5 ድረስ ችላ ሊባል ሲችል፣ በልጅ ግን ከ1 በላይ ሆኖ ከተገኘ ጤናማ አይባልም፤ ከ10 በላይ ሲሆን ከባድ ነው። የልጁ ውጤት በአዋቂ መለኪያ ተነቦ «ደህና ነው» እንዳይባል ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል።

በተለይ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው፣ የፊት አጥንት አፈጣጠራቸው የተለየ፣ የጡንቻና የነርቭ ሕመም ወይም ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ያለባቸው ልጆች ከቀዶ ሕክምና በፊት እንዲመረመሩ ይመከራል። ወላጅ የሚያየውና ሐኪሙ የሚያገኘው ሳይጣጣም ሲቀርም እንዲሁ። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ጣት ላይ በምትደረግ መለኪያ ሌሊቱን ሙሉ ኦክሲጅንን መመዝገብ ይረዳል፤ ተደጋጋሚ የኦክሲጅን መውረድ ከታየ ችግሩ አለ ማለት ነው፤ አለመታየቱ ግን ችግር የለም ለማለት አይበቃም።

የደም ምርመራ ወይም ሲቲ ስካንስ?

አዴኖይድ ማበጡን የሚነግር የደም ምርመራ የለም። ደም የሚመረመረው ለሌላ ጥያቄ ነው፤ ለአለርጂ፣ ለደም ማነስ፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብና የመድማት ታሪክ ሲኖር። ሲቲ ስካን ጨረሩ ከራጅ የበዛ ስለሆነ ዕጢ፣ የአጥንት አፈጣጠር ችግር ወይም የተወሳሰበ የሳይነስ ሕመም ሲጠረጠር እንጂ ለተራ አዴኖይድ አይታዘዝም።

አዴኖይድ መስሎ ሌላ ሊሆን የሚችለው ምንድን ነው?

ከሁሉም የሚበዛው አለርጂ ነው። ማሳከክ፣ ተደጋጋሚ ማስነጠስ፣ ቀጭን ንፍጥ፣ አፍንጫን በመዳፍ ወደ ላይ መፈተግ ካለ ወደዚያ ያዘነብላል። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ አዴኖይዱ ወጥቶለት አፍንጫው አሁንም የታፈነበት ልጅ አንዱ ምክንያት ሳይታከም የቀረ አለርጂ ነው።

ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወጣ መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ ሲታይ ልጁ አፍንጫው ውስጥ የከተተው ነገር ይፈለጋል፤ ዶቃ፣ ስፖንጅ፣ የፍሬ ቅንጣት። የገባው የሰዓት ባትሪ ዓይነት ክብ ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ስለሚያቃጥል የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም። ከተወለደ ጀምሮ አፍንጫው የታፈነ ጨቅላ ከሆነም መጀመሪያ የሚታሰበው የአፍንጫው የኋላ በር ተዘግቶ መፈጠሩ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዴኖይድ ገና ለመዝጋት የሚበቃ አይደለምና። በልጅ አፍንጫ ውስጥ ፖሊፕ (ለስላሳ የሥጋ እብጠት) ሲገኝ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ይጣራል።

በጉርምስና ላይ ያለ ወንድ ልጅ አፍንጫው እየታፈነ ብዙ የሚደማ ከሆነ አንጂዮፋይብሮማ የሚባል የደም ሥር የበዛበት ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ላይ ናሙና ልቁረጥ ማለት ከባድ መድማት ስለሚያስከትል በቅድሚያ በምስል ይጣራል። አዴኖይድ ሊመነምን በሚገባው ዕድሜ እያደገ ከሄደ፣ በአንገት ላይ የማይጠፉ ጠንካራ ንፍፊቶች፣ የቆየ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለም ምርመራው ይሰፋል። እነዚህ እምብዛም የማያጋጥሙ ናቸው፤ የሚጠቀሱትም «አዴኖይድ ነው» የሚለው ቃል ማየትን እንዳያስቀር ነው።

የአፍንጫ ስፕሬይ ሞክሩ ተባልን። ይህ ሕክምና ነው ወይስ ምርመራ?

ሁለቱንም ነው። የስቴሮይድ ስፕሬይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንታት በየቀኑ ሲወሰድ በአንዳንድ ልጆች አዴኖይዱን ያሳንሳል፣ የአፍንጫውንም እብጠት ይቀንሳል። ልጁ ከተሻለው ቀዶ ሕክምናው ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል፤ ካልተሻለው ደግሞ ምልክቱ በእብጠት ብቻ የመጣ አለመሆኑን ይጠቁማል። ሙከራው ዋጋ የሚኖረው ግን ስፕሬዩ በትክክል ሲወሰድ ነው፤ ራስ በትንሹ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ የቱቦው ጫፍ ከመሐለኛው ግድግዳ ርቆ ወደ ዓይን ወገን ሲያመለክት። ለአንድ ሳምንት ወስዶ «አልሠራም» ማለት ምንም አያሳይም። እብጠት ቀንሰው አፍንጫን ለጊዜው የሚከፍቱት ጠብታዎች ሌላ ነገር ናቸው፤ ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰዱ አፍንጫን መልሰው ያፍናሉ።

ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ልጁ በእንቅልፉ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ትንፋሹ ቆሞ ካልተቀሰቀሰ በስተቀር የማይመለስ ከሆነ፣ ነቅቶ ሳለም ደረቱ እየጎደጎደ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ጨቅላ ሕፃን በመታፈኑ ምክንያት መጥባት ካቃተውም እንዲሁ ነው።

«ሲያድግ ይጠፋል» የሚሉንን አምነን እንጠብቅ?

አባባሉ ስለ ሥጋው እውነት ነው። መጠበቅ ግን የሚያዋጣው በደንብ ለሚተኛ፣ ለሚሰማና ለሚያድግ ልጅ ነው፤ ያም ቢሆን ምልክቱ ሲቀያየር ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ ዳግም ለመታየት ቀጠሮ ተይዞ። ሌሊት ትንፋሹ የሚቋረጥ ወይም ለወራት የማይሰማ የ4 ዓመት ልጅ አዴኖይዱ እስኪመነምን ቢጠብቅ፣ ቋንቋ የሚማርበትና አካሉ የሚያድግበት ጊዜ በመሐሉ ያልፋል።

አዴኖይዱ ወጥቶለታል፤ ምልክቱ ግን ተመልሷል። ምርመራው እንደገና ይጀመራል?

አዎን፣ ከመጀመሪያው። ሥጋው ግልጽ ሽፋን ስለሌለው አንዳች ሳይቀር ማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ በተለይ ሕፃን ሆነው በተሠሩ ልጆች ላይ የቀረው ሊያድግ ይችላል። ሆኖም «ተመልሶ በቅሏል» ብሎ መደምደም አይገባም። አለርጂ፣ የቶንሲል ማደግ፣ የአፍንጫ መሐል ግድግዳ መጣመም ወይም የልጁ ክብደት መጨመር ያንኑ ምልክት ሊያመጡ ይችላሉ። ሥጋው ይሁን ሌላ ምክንያት የሚለየው እንደገና ኢንዶስኮፕ ሲገባ ነው፤ የመጀመሪያው የእንቅልፍ ቪዲዮ ካልተሰረዘ ደግሞ ከአዲሱ ቀረጻ ጋር ጎን ለጎን ለሐኪሙ ይታይ።